ድሪቶው በማሽን ይታጠባል?

ጥቅምት 4 ቀን

ይህ ደብዳቤ በጥቅሉ መሃል ታጥፎ የሚመጣው ለእህቴ ልጅ ለጭምቱ ነው።

እንዴት ነህ? እንዴት ከርመሃል? እጅህን ከእሳት፣ እግርህን ከእንቅፋት፣ ስምህን ከሐሜት ይጠብቅልኝ። እናትህ የአክስቴ ልጅ ብትሆንም እኔና እሷ ስንቆጥር እህትማማች ነበርን፤ ስለዚህ አንተም የእህቴ ልጅ ነህ። ዘመድ ቆጣሪ ነኝ የሚል ሰው ሌላ ቢነግርህ ወደ እኔ ላከው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የሚያመኝ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው።

ጥቅሉን ስትፈታ የምታገኘው ድሪቶ ነው። አዎ፣ ድሪቶ፤ ከቁርጥራጭ የተሰፋ ብርድ ልብስ። ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር የነበረውን ጆንያ ታስታውሰው የለ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱን ተደግፈህ የቤት ሥራህን ትሠራ ነበር። አሁን ጆንያው ባዶ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ቁርጥራጭ አንተ እጅ ገብቷል። መሃል ላይ ያለው አረንጓዴ የእናትህ ቀሚስ ነው። ከጎኑ ያለው ካኪ ያንተ የስድስተኛ ክፍል ሱሪ ነው፤ ጉልበቱን አራት ጊዜ የጣፍኩት።

አሁን ወደ ነገሬ። ከሱቄ ሁለት መንገድ ማዶ እንግዳ ማረፊያ የከፈተች ሴት አለች። አሥራ ሁለት አልጋ አላት፤ ሁለት አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽንም ገዝታለች፤ እንደ ልጅ ነው የምትሳሳላቸው። ለአሥራ ሁለቱም አልጋ እንዲህ ያለ ድሪቶ እንድሠራላት ፈልጋለች። የምትጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ "በማሽን ይታጠባል? ማሽኖቼን አይጎዳም?" እኔ ዕድሜ ልኬን በሳፋ ያጠብኩ ሰው ምን ልበላት? ከዘመዶቼ ሁሉ ማሽን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።

ይህን ሥራ ካገኘሁ የሱቁን ኪራይ ለሁለት ዓመት አድሳለሁ። ካላገኘሁ አከራዬ ሰኔ ላይ ቤቱን ተረክቦ የተዘጋጀ ልብስ ሊሸጥበት ነው። ሰው ልብስ ማሰፋት ትቷል ይላል። ግድግዳውን ለመደርደሪያ ለክቶ ጨርሷል፤ ያውም በእኔው ሜትር፤ ሜትሩንም ይዞት ሄደ።

ስለዚህ እጠበውና የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ስለ አሠራሩ ደግሞ አንዲት ቃል አልነግርህም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ አንተም አይተህ ፍረድ።

እጇ ያላረፈ እቴቴህ


ኅዳር 22 ቀን

ለማከብርዎ እቴቴ፤

ጤናና ዕድሜ አይለይዎ፤ መቀስዎ አይደነዝ፤ የስፌት መኪናዎ ክር አይበጥስ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራውም ደህና ነው። የሁለት ሆቴሎች አንሶላና ፎጣ በየቀኑ ይመጣል። ምድር ቤት ሆኜ ስድስቱን ማሽኖች አዳምጣለሁ፤ አሁን አሁን የትኛው እንደታመመ በድምፁ አውቃለሁ። የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው የምለው፣ የቤቱን ቁልፍ አምኖ ሰጥቶኛል።

ድሪቶው በሰላም ደርሷል። በጣም ያምራል። ቀለሙ ያምራል። ስፋቱም ያምራል። ውፍረቱ ደግሞ ለዚህ አገር ብርድ የታሰበ ነው። የእናቴን ቀሚስ ሳገኘው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ናፈቀችኝ። ካኪዬንም አወቅሁት።

ገና አልታጠበም። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ ማሽን ውስጥ አይከተትም ብዬ ቁም ሣጥን ላይ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

እቴቴ፣ የሱቁ መብራት እንዴት ነው? ያው አንዱ አምፖል ነው? መርፌ ላይ ክር የሚሰካልዎ ሰው አለ? የጠየቅሁት ለምንም አይደለም። የእርስዎ ስፌት ድሮ ውስጡና ውጩ የማይለይ ነበር። ነበር ያልኩት ዛሬም ነው ለማለት ነው። ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ባለ አጉሊ መስታወት የጠረጴዛ መብራት ልኬያለሁ፤ አንገቱ ወደፈለጉበት ይዞራል። ወጣቶችም ይጠቀሙበታል።

አክባሪዎ ጭምቱ


ታኅሣሥ 12 ቀን

የጠየቁትን ትቶ ያልጠየቁትን ለሚመልሰው ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ጤናውን ይስጥህ፤ ማስተዋሉንም ይጨምርልህ። እኔ ስለ ማሽን ጠየቅሁ፣ አንተ ስለ አምፖል ጻፍክ። እኔ "ታጠበ ወይ?" አልኩ፣ አንተ "መርፌ ማን ይሰካልዎታል?" አልክ። ለውሃ ልከነው እሳት ጭሮ የመጣ ልጅ ሆንክብኝ።

መብራቱ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንገቱ እንዳልከው ይዞራል፤ ከእኔ አንገት የተሻለ ይዞራል። ለእኔ ግን ምን ያደርግልኛል? ለጎረቤቴ ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አውሼዋለሁ፤ የሐኪሞችን ጽሑፍ ያንብብበት። ዓይን የቸገረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። "ያምራል" የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፈኸዋል፤ ቆጥሬዋለሁ። ያምራል የሚለኝ ሰው ሞልቶኛል። ከአንተ የምፈልገው ጠበበ ወይስ አልጠበበም፣ ቀለሙ ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም፣ ማሽኑስ ምን አለ የሚለውን ነው።

ቁም ሣጥን ላይ በክብር አስቀመጥኩት ትለኛለህ። ድሪቶ ሐውልት ነው እንዴ? አውርደውና እጠበው። ባለማረፊያዋ ትናንት መጥታ ነበር፤ ስለ ማሽኖቿ ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። እስከ ጥር መጨረሻ መልስ ካልሰጠኋት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ልትገዛ ነው። አከራዬም በደጄ ባለፈ ቁጥር መስኮቱን በስንዝር ይለካል። ምን ታደርጋለህ ስለው እጄን ማፍታታቴ ነው አለኝ።

ብትቆጣህም የማትጠላህ እቴቴህ


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ እቴቴ፤

ደጅዎ በሰው፣ ጠረጴዛዎ በሥራ ይሙላ፤ ክፉ አይንካዎ። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። በተለይ ወለል ማድረቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሽማግሌውም ሰሞኑን ፊቱ ትንሽ ጠቁሯል፤ ሰው ነውና ይጠቁራል። የሚመጡትን ሦስት እሑዶች ሳላርፍ እሠራለሁ። ይህ ከድሪቶው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ድሪቶው ታጥቧል። አልጠበበም። ማሽኑም በጣም ደህና ነው፤ አንዳች አልሆነም። ለባለማረፊያዋ ያለሐሳብ ይንገሯት።

እኔን የሚያሳስበኝ እርስዎ ነዎት። ዕድሜ የሚያመጣው ነገር አለ፤ አያሳፍርም። የዓይን ሐኪም ጋ ቢሄዱ ምን ይመስልዎታል? እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አክስት ሄደው ዛሬ የአውቶቡስ ቁጥር ከሩቅ ያነባሉ። እባክዎ መብራቱንም ከመድኃኒት ቤቱ ያስመልሱት።

አክባሪዎ ጭምቱ


ጥር 18 ቀን

ለምሥራች ነጋሪው ለእህቴ ልጅ፤

አፍህ ማር ይሁን! እጅህ ይባረክ! የነካኸው ሁሉ ይልማልህ! ደብዳቤህን ይዤ ወደ ባለማረፊያዋ ስሮጥ ጉልበቴን ረስቼው ነበር፤ ያስታወስኩት ደረጃዋን ከወጣሁ በኋላ ነው።

አነበብኩላት፤ ተስማማች። አሥራ ሁለት ድሪቶ! ውሉን አጽፋለች። አንዲት ጠንከር ያለች መስመር አለችበት፦ "ብርድ ልብሱ ማሽኖቹን ቢጎዳ ሰፊዋ ታሠራለች።" ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኳት። የእህቴ ልጅ ስድስት ማሽን የሚያዝ ሰው ነው፣ እሱ ደህና ነው ካለ ደህና ነው አልኩ። የምንፈርመው የካቲት 15 ነው። በዚያው ቀን ከአከራዬ ጋር እፈራረማለሁ፤ ሜትሬን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስፌቱን ሁሉ ወደ ፊት ማውጣቴን አይተህ አንዲት ቃል አልተነፈስክም! ልብስ ሰፊ ስፌቱን ሲደብቅ ነው የሚኖረው፤ እኔም አርባ ዓመት ስደብቅ ኖሬአለሁ። ይህ ግን ሌላ አሠራር ነው። ቁርጥራጮቹ ሲጋጠሙ ጣት የሚያህል የስፌት ትርፍ በፊት በኩል እንዲቀር ይደረጋል። ከዚያ ትርፉን ዙሪያውን በመቀስ ትበጣጥሰዋለህ። ሁለት ሳምንት እጄ አብጦ ነበር። ሲታጠብ የተበጣጠሰው ሁሉ ይተረተርና ለስላሳ ዘርፍ ይሆናል፤ ውበቱ እሱ ነው። እንዴት ሆኖ እንደወጣ እንኳ ሳትነግረኝ ቀረህ? ጭምትነትም ልክ አለው።

ስለ ዓይን ሐኪም የጻፍከው አልገባኝም። ማን ነው የታመመው? አንተ ነህ?

ደስ ያላት እቴቴህ


የካቲት 6 ቀን

እቴቴ፤

ምርቃቱን ወደ መጨረሻ ላቆየው፤ አሁን የምመርቅበት ፊት የለኝም። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ስልክዎ አልነሣ ቢለኝ መድኃኒት ቤቱ ደውዬ "እቴቴ እንዳይፈርሙ፤ ደብዳቤ እየመጣ ነው" ብያለሁ። ደርሶዎት ቢሆን ነው የምጸልየው። አይፈርሙ። ጥር 3 ቀን የጻፍኩልዎት ውሸት ነው።

እውነቱ ይኸውና። ጥቅሉን በፈታሁ ቀን ስፌቱ ሁሉ በውጭ፣ ጫፉ ሁሉ ተበጣጥሶ ሳየው ደነገጥኩ። እርስዎ ኮሌታ ሰፍተው ስፌቱ የት እንደጀመረ ፈልገን የምናጣልዎ ሰው ነዎት። እቴቴ ፊትና ጀርባው ጠፍቶባቸዋል፣ ዓይናቸው አልቋል አልኩ። አለቀስኩ። መብራቱን የላኩት ለዚያ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርዎት? የእናቴን ቀሚስ ሰፍተው ለላኩልኝ ሰው "ገልብጠው ሰፍተውታል" ይባላል?

"አውርደውና እጠበው" ሲሉኝ አወረድኩት። ሳላራግፍ፣ ሳልዘፈዝፍ፣ ከሆቴሉ ነጭ ፎጣዎች ጋር አራተኛው ማሽን ውስጥ ከተትኩት፤ በሙቅ ውሃ። የሥራዬን ሀሁ ረሳሁ፤ ልቤ እርስዎ ጋ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ ያቃስት ጀመር። ውሃው አልወርድ አለ፤ ቀጥሎ በበሩ ሥር ፈሰሰ፤ ምድር ቤቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞላ። ሽማግሌው ከማሽኑ ግርጌ ያለውን ማጣሪያ ከፍቶ እጁን ሲያስገባ እፍኝ ሙሉ ክር አወጣ። ደግሞ አስገባ፤ ደግሞ አወጣ። "ምንድን ነው ያጠብከው? በግ ነው?" አለኝ። ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕ ተቃጥሎ ነበር። ነጩ ፎጣ ሁሉ አረንጓዴ ጠጉር አበቀለ። የቤቱን ቁልፍ ከእጄ ተቀበለኝ፤ ሦስቱን እሑዶችም ማሽኖቹን እየፈታሁ እንዳጸዳ ፈረደብኝ። ድሪቶውን ጨምቄ ሰቀልኩት፤ ተጨማዶ ደረቀ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ መለስኩት። ይህን ሁሉ ካወቁ ልብዎ ይሰበራል ብዬ ደበቅሁ።

ሆን ብለው ያደረጉት መሆኑን ሳነብ ሳቅሁም፣ አፈርኩም። ደብዳቤዎን ይዤ ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኩት። ድሪቶውን አገላብጦ አየና "ጥፋቱ የአጣቢው ነው" አለ። እኛ ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል የምንለውን ነው ያለኝ፤ እኔ ሁለቱንም አበላሽቼአለሁ። ትናንት እሑድ አብረን እንደገና አጠብነው።

መጀመሪያ ደጅ አውጥተን አራቱን ጫፍ ይዘን አራገፍነው፤ ጎረቤት መስኮቱን እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን በእግራችን ረገጥነው፤ የተንሳፈፈውን ክር በወንፊት ለቅመን ውሃውን ቀየርን። ማሽን ያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ብቻውን፣ ከአንሶላ በተሰፋ ሰፊ ከረጢት ውስጥ አፉ ታስሮ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና። ከረጢቱ ከጠበበ መሃሉ አይታጠብም። ውሃው ወርዶ ሲያበቃ ማሽኑን አጥፍተን ማጣሪያውን ከፈትን፤ የተገኘውን ክር ጠርገን እንዲያለቀልቅ ለቀቅነው። ማድረቂያው ላይ ደግሞ ሙቀቱን ዝቅ አድርገን በየአሥር ደቂቃው እያቆምን የብናኙን ወንፊት ጠረግን። ይህቺን የተወ ሰው ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያቃጥላል፤ ብናኝ እሳት ይወዳል ይላል ሽማግሌው። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ገመድ ላይ ሰቀልነው።

ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። በመጀመሪያው እፍኝ ብናኝ ወጣ፣ በሁለተኛው ቁንጥር፣ በሦስተኛው ሁለት ጣት የሚይዘው ብቻ። ሦስቱንም በወረቀት ለይቼ፣ ቁጥር ጽፌባቸው ፖስታው ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። የሴትዮዋን ማሽኖች ይዩልኝ፤ ከፊት የሚከፈቱ ከሆኑ ጥሩ ነው። ከላይ ተከፍተው መሃላቸው ምሰሶ ያለባቸው ከሆኑ ድሪቶውን ይጠመጥሙታልና እሺ አይበሉ። ውሃ የጠጣ ድሪቶ ለሁለት ሰው ሸክም ነው፤ ስለዚህ ባንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይግባ።

ያምራል አልልም፤ ከልክለውኛል። የእናቴ ቀሚስ ጫፍ እንደ ጫጩት ላባ ለስልሶ ቆሟል። እጄን ደጋግሜ ሳሳልፍበት አመሸሁ። ሽማግሌው ቁልፉን መለሰልኝ፤ "ለእኔም አንድ ይሰፉልኛል?" ብሎ ጠይቋል።

አሁን ልመርቅ። ይቅር የሚል ልብ ይስጥልኝ። ሥራዎ በእኔ ውሸት አይጥፋ።

ያፈረው ጭምቱ


የካቲት 27 ቀን

በመጨረሻ አፉን ለፈታው ጭምት፤

ጤና ይስጥልኝ፤ ውሃ ከገባበት ምድር ቤት ይሰውርህ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እያለከለከ መጥቶ "እንዳይፈርሙ ተብለዋል" ሲለኝ ክኒን የከለከለኝ መስሎኝ ነበር። ባለማረፊያዋን ቀን ለምኜ አራዘምኩ፤ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ የማውቀው አልነበረም። ደብዳቤህ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አላየሁም። ሳነበው መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ስድቡን ፊት ለፊት ለምንገናኝበት ቀን አቆይቼልሃለሁ። "በግ ነው?" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ጠረጴዛዬን ይዤ ሳቅሁ።

ቀጥ ብዬ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ደብዳቤህን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት፤ ጎርፉንም፣ ፓምፑንም፣ አረንጓዴ ጠጉር ያበቀለውን ፎጣም። ሦስቱን ብናኝ በቁጥራቸው ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ሥራው አመለጠኝ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ "ቁጭ ይበሉ" አለችኝ። "ዕቃ ሊሸጥልኝ መጥቶ ጉድለቱን በፖስታ ይዞልኝ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ማሽኖቿ ከፊት የሚከፈቱ ናቸው። ውሉ እንደገና ተጻፈ። እያንዳንዱን ድሪቶ ከማስረከቤ በፊት ግቢዬ ውስጥ በሳፋ ሦስት ጊዜ ረግጬ ብናኙን አስወጣለሁ፤ ጉልበቴ ይወቀው። ከእያንዳንዱ ጋር ሰፊ ከረጢት እሰፋለሁ። አንተ የጻፍከው አስተጣጠብ ደግሞ በትልቁ ተጽፎ ከማሽኖቹ በላይ ተሰቅሏል። ከግርጌው "በግ አይታጠብበትም" ብላ የጨመረችው ራሷ ናት። ፈረምኩ። አከራዬም ለሁለት ዓመት ፈረመ፤ ሜትሬንም መለሰልኝ።

አንተ እውነትህን ከላክህልኝ እኔም የራሴን ልላክልህ። መብራቱን ለመድኃኒት ቤቱ አዋስኩት ያልኩህ ውሸት ነው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛዬ ተነሥቶ አያውቅም።

ሁለት ዓመት ሆነው፤ የግራ ዓይኔ ጭጋግ ነው፤ ቀኙም ይከተለው ጀምሯል። ያወቅሁት አንዲት የጥርስ ሐኪም ደንበኛዬ ባሰፋችኝ ጋዋን ነው። ሰፋሁላት፤ ለበሰችው፤ "በጣም ያምራል" ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጠችም። ወር ቆይቶ ጋዋኑን የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ለብሳው አገኘኋት። እጅጌውን በጣቴ ስዳስሰው ቅምቀማው እንደ እባብ ይሄዳል። ከእሷ በፊትም በኋላም ስንቱ "ያምራል" ብሎ ወጥቶ ቀረ። አንዱ እንኳ "እቴቴ፣ ጠማማ ነው" ቢለኝ ኖሮ ሐኪም ጋ እሄድ ነበር። ጨዋ ናቸውና አላሉኝም። ሱቄን ባዶ ያደረገው የተዘጋጀ ልብስ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጨዋነት ነው። በጣም ከፍቶኝ ነበር።

ድሪቶ ላይ የወደቅሁት ለዚህ ነው። ጣት የሚያህል የስፌት ትርፍ በጣት ይዳሰሳል፤ ዓይን አይለምንም። ቢጣመምም ዘርፉ ይሸፍነዋል። ለአንተ የላኩት ደግሞ ማሽን ስላለህ ብቻ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ነው፣ እውነቱን ይነግረኛል ብዬ ነው። አንተም ተቀብለህ "ያምራል" ብለህ ጻፍክልኝ። ያን ቀን ደብዳቤህን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ።

አሁን ግን ታርቀናል። ባልሆነ ማስረጃ ትክክለኛውን ፈርደሃል፤ ዳኛ ብትሆን ያስፈራ ነበር። ትናንት ሐኪም ጋ ሄድኩ። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ፤ የግራው በሚያዝያ። ለሽማግሌው ድሪቶ እሰፋለሁ በለው፤ ብቻ አጥቦ መላኩን እኔ እችልበታለሁ፣ አንተ እንዳትነካው።

ይቅር ያለችህ እቴቴህ


ግንቦት 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፋሻው ተፈታ! ብርሃን ለሰጠኝ ጌታ ምስጋና፤ ላንተም ዓይንህን ያቆይልህ። ዓለም ምን ያህል ቆሽሻ እንደቆየች ባየህ። ሱቄን ሁለት ቀን ስጠርግ ዋልኩ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ወጣት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኩያዬ ነው። ከእንግዲህ አንተ አልለውም።

ስምንቱን ድሪቶ አስረክቤአለሁ፤ አራት ይቀረኛል። ማሽኖቹ እስካሁን አላቃሰቱም። ትላንት ግን አላስችል ብሎኝ ማረፊያው ሄጄ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ዞርኩ፤ ዘርፉን በጣቴ እየገለጥኩ ስፌቱን አየሁት። ስምንቱም ጠማማ ነው። አንዱ መስመር ጭራሽ ጠፍቶ ሄዶ በሌላ በኩል ተመልሷል! ለሴትዮዋ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አየች፤ "አዎ፣ ጠማማ ነው፤ ግን ጠንካራ ነው" አለችኝ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ይብዛልኝ። የቀሩትን አራቱን እንደ ክር ቀጥ አድርጌ እሰፋቸዋለሁ፤ ማንም ባያየው እኔ አየዋለሁ።

የአንተን ግን ሰፍቼው እንጂ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ልጠይቅህ። የአንተ ድሪቶ ስፌት እንዴት ነው? በስልክ አትንገረኝ።

አሁን የምታይ እቴቴህ


ግንቦት 30 ቀን

እቴቴ፤

ጠማማ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ታችኛው ጥግ ጋ ሁለት ጣት ያህል ስቷል። የእናቴ ቀሚስ ዙሪያ ብቻ ቀጥ ያለ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ቀስ ብለው እንደሰፉት ያስታውቃል።

ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄዋለሁ። ለብሼው ነው የምተኛው። ባለፈው እሑድ አጥቤው ነበር፤ ማጣሪያው ውስጥ ምንም አልተገኘም።

ጭምቱ